በስልካችን ምን እንጫወት?

ስለ መኪና እሽቅድምድም ጨዋታ የተጻፈ ነገር በዚህ መጽሔት ላይ ሲያዩ፥ «ወረቀትና ቀለም ተትረፍርፎ ነውን?» የሚሉ አንባብያን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ማታ ከእራት በኋላ በአንዱ መኝታ ክፍል በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ የተመለከተ ሰው፥ ከስምንቱ አልጋዎች በአምስቱ ላይ አንገቱን ደፍቶ፥ ሁለት አውራ ጣቶቹን ስልኩ ላይ ተክሎ፥ ከነሰውነቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ተማሪ ያያል። የሚያዘነብለው ጸሎት ላይ ሆኖ አይደለም፤ መኪናው መታጠፊያ ላይ ደርሳበት ነው። ይህን ያህል ሰዓት የምናጠፋበት ነገር ከሆነ፥ እንደ ሌላው ጉዳያችን ሁሉ በጽሑፍ ሊመረመር ይገባዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከነዚያ ከአምስቱ አንዱ ነው። ስለዚህ ምክሬ የሰባኪ ምክር ሳይሆን የተጫዋች ምክር ነው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ አምና የደረሰብኝ ነገር ስለ ሆነ፥ የሚያሳፍረኝም ቢሆን እርሱን አስቀድሜ ልናገር።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ስልኬ ግማሽ ያህል ባትሪ ቀርቶታል። እኔም ዘጠኝ ውድድር አሸንፌ፥ ዐሥረኛውን ብደግም ቀይ መኪና ይሰጥሃል የሚል ጨዋታ ላይ ነበርኩ። ዐሥረኛውን ተሸነፍኩ፤ ደገምኩ፤ ሠለስኩ፤ በመጨረሻም ስልኩ እጄ ላይ እንደ ጋለ ጠፋ። መብራቱም ሳይመጣ አደረ፤ የመጣው በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ነው። ስልኬን ሰክቼ ስከፍተው ለካስ አባቴ ማታውን ሦስት ጊዜ ደውለው ኖሯል። ለሕክምና ቀጠሮ ከደሴ በሌሊት አውቶቡስ እንደሚሳፈሩና ከመናኸሪያ እንድቀበላቸው ሊነግሩኝ ነበር። እየሮጥኩ ስደርስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ከተማውን የማያውቁት አባቴ፥ በሶና ቆሎ የሞላ ማዳበሪያ አጠገባቸው አስቀምጠው፥ ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «ምን አገኘህ ልጄ?» አሉኝ። «ፈተና ነበረብኝ» አልኳቸው። «እንግዲያው በርታ» አሉና ማዳበሪያውን ራሳቸው አነሡት። ከመዘግየቴ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ንግግራቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ጨዋታን ጨርሶ ለመተው ሞክሬ ነበር፤ አልተውኩም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልክድ ግን አንድ ነገር ለይቼ አወቅሁ። ጨዋታ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሲያበቃ ተጫዋቹን ይለቀዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንዳይለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ማናቸውንም ጨዋታ ስልካችን ላይ ከመጫናችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። አንደኛ፥ መቼ ያበቃል? ሁለተኛ፥ ያለ ኢንተርኔት ይሠራልን? ሦስተኛ፥ ሠሪው ገንዘቡን የሚያገኘው ከየት ነው? ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የእነዚህ ጥያቄዎች ማብራሪያ ነው። የምጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስልክ እንዴት መሪ ይሆናል?

ስልኩን ስናዘነብለው መኪናው የሚታጠፈው፥ አክስለሮሜትር የተባለ ትንሽ መሣሪያ በስልኩ ውስጥ ስላለ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ከሲሊከን የተሠራች እጅግ ደቃቅ ክብደት፥ እንደ ስፕሪንግ በሚተጣጠፉ ቀጫጭን ክንዶች ተይዛ ትገኛለች። ስልኩ ሲያዘነብል የመሬት ስበት ክብደቲቱን ወደ አንድ ወገን ይስባታል፤ ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለችም በኤሌክትሪክ ይለካል። ጨዋታው ይህን ልክ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ እያነበበ መሪውን ያዞራል። እንግዲህ አልጋ ላይ ሆነን መላ ሰውነታችንን ማዘንበላችን ለመኪናዋ አንዳች አይፈይድላትም፤ እጃችን ብቻውን ይበቃል።

ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ የሚመስለንም በሰከንድ ሠላሳ ወይም ስልሳ ጊዜ እንደ አዲስ ስለሚሣል ነው። መንገዱ፥ አቧራው፥ የመኪናዋ ጥላ፥ በመስተዋቷ ላይ የሚታየው ሰማይ፥ ሁሉም በየጊዜው ተሰልቶ ይሣላል። ስልክ በእሽቅድምድም ጨዋታ የሚግለውና ባትሪው ቶሎ የሚያልቀው ስለዚህ ነው። በሰከንድ ስልሳ ጊዜ መሣል ከሠላሳው እጥፍ ሥራ ነው። በብዙዎቹ ጨዋታዎች የማስተካከያ ገጽ ላይ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ይህን ያደረገና የስክሪኑን ብርሃን የቀነሰ ተማሪ፥ መብራት በጠፋበት ማታ ለስልክ ጥሪ የሚሆን ባትሪ ይተርፈዋል። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ነጻ የተባለው ጨዋታ ዋጋ

በ1997 ኖኪያ 6110 በተባለው ስልክ ላይ «ስኔክ» የተባለው የእባብ ጨዋታ ወጣ። ታላላቆቻችን በሚገባ ያውቁታል። እባቡ እየበላ ይረዝማል፤ ከራሱ ወይም ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ጨዋታው አበቃ። ከስልኩ ዋጋ በስተቀር የሚከፈል ነገር አልነበረም። በ2008 የስማርት ስልክ ፕሮግራሞች የሚሸጡባቸው መደብሮች ተከፈቱ፤ ጨዋታም በአንድ ወይም በጥቂት ዶላር ይገዛ ጀመር። በ2009 አፕል በነጻ በሚወርዱ ፕሮግራሞች ውስጥ ዕቃ መሸጥን ፈቀደ። ለውጡ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው በር ላይ ማስከፈሉን ትቶ፥ ሰውን በነጻ አስገብቶ ከውስጥ ማስከፈል ያዘ።

የእሽቅድምድም ጨዋታዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ2013 የወጣው አስፋልት 8 መጀመሪያ በአንድ ዶላር በማይሞላ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ ቆይቶ ነጻ ሆነ። ሪል ሬሲንግ የተባለው ጨዋታ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎቹ በገንዘብ የሚገዙ ነበሩ፤ ሦስተኛው በ2013 በነጻ ሲወጣ ግን አዲስ ብልሃት ይዞ መጣ። መኪናይቱ ስትጎዳ ወይም ዘይቷ ሲቀየር ጥገናው በእውነተኛ ሰዓት ይቆጠር ነበር፤ ተጫዋቹም ይጠብቅ ነበር። መጠበቅ የሰለቸው ሰው በጨዋታው «ወርቅ» ከፍሎ መጠበቁን ያስቀር ነበር፤ ወርቁም በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛ ነበር። በጊዜው ብዙ ተጫዋቾች አጉረምርመውበታል። ነገሩን ልብ ብለን እንየው። የተሸጠው መኪና አይደለም፤ ሠሪው ራሱ የፈጠረው መሰልቸት ነው።

«እኛስ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ ከየት አግኝተን ነው የምንበዘበዘው?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ አብዛኞቻችን ካርዱ የለንም። ነገር ግን የምንከፍለው በሌላ ገንዘብ ነው። በየውድድሩ መካከል የሚመጣው የቪዲዮ ማስታወቂያ የሚወርደው በእኛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው፤ ማስታወቂያ አቅራቢውም ለጨዋታው ባለቤት ይከፍላል። «ሽልማቱን እጥፍ ለማድረግ ይህን ቪዲዮ ተመልከት» የሚለው ግብዣ እንደ ልግስና ይምሰል እንጂ ሽያጭ ነው፤ የተሸጠውም የእኛ ሠላሳ ሰከንድ ነው። ለፎቶ ኮፒ የተላከልንን ብር የሞባይል ካርድ ገዝተንበት፥ በሁለት ማታ የጨረስን ሰዎች በዚህ ግቢ ውስጥ ጥቂቶች አይደለንም።

ለምን አይለቀንም?

ከማስታወቂያው ይልቅ የሚያጠምደን ግን ዕጣው ነው። በብዙ ጨዋታዎች ውስጥ መኪና የሚገኘው ሮጦ በማሸነፍ ብቻ ሳይሆን፥ በውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሣጥን በመክፈት ነው። በ2019 የወጣው የኔንቴንዶው ማሪዮ ካርት ቱር እንዲህ ያለ ነበር። ነጂውና ተሽከርካሪው እንደ ዕድል ከአንድ ቧንቧ ይወጡ ነበር፤ ቧንቧውንም ለመተኮስ የሚያስፈልገው ዕንቁ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ኩባንያው ይህን አሠራር በ2022 አስቀረው። የቤልጂግ የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ ቀደም ብሎ በ2018 በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚከፈቱ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በአገሩ ሕግ ቁማር ናቸው ሲል ወስኗል።

የሳይኮሎጂ መግቢያ የተማረ ሰው የስኪነርን ስም ያስታውሳል። አሜሪካዊው ስኪነር ከባልደረባው ከፈርስተር ጋር በ1957 ባሳተመው ጥናት እንደ ተመዘገበው፥ ርግብ ቁልፍ በምንቃሯ ስትመታ እህል የሚወጣላት በታወቀ ቁጥር ሳይሆን በማይታወቅ ቁጥር ሲሆን፥ ያለ ዕረፍት ትመታለች። እህሉ ከተቋረጠ በኋላም ቶሎ አትተውም፤ ቀጣዩ ምት እህል ያመጣ ይሆናልና። እኔ በዚያች ማታ «አንድ ጊዜ ብቻ» እያልኩ ውድድሩን ስደጋግም ከርግቢቱ በምን እለይ ነበር? ይህን ጥያቄ የሥነ ልቡና ክፍል ጓደኞቼ ይመልሱልኝ።

የኔዘርላንዱ የታሪክ ጸሐፊ ዮሐን ሆይዚንጋ በ1938 ባወጣው «ሆሞ ሉደንስ» በተባለው መጽሐፉ፥ ጨዋታ ከተራው ኑሮ የሚለየው የራሱ ቦታና የራሱ ጊዜ ስላለው መሆኑን ይገልጻል። ጨዋታ ይጀመራል፤ ይፈጸማል፤ ከዚያም ሰው ወደ ኑሮው ይመለሳል። ይህን ለማወቅ ግን እስከ ኔዘርላንድ መሄድ አያስፈልግም። ገበጣ ጠጠሩ ሲያልቅ ያበቃል። ገና የሚጫወቱ ጎረምሶችም ፀሐይ ስትጠልቅ ተሳድበውም ተሳስቀውም ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ፍጻሜ የሌለው ነገር ጨዋታ ተብሎ ቢጠራም የጨዋታነቱን ግማሽ አጥቷል ማለት ነው።

የትኞቹን እንምረጥ?

በዚህ ሚዛን መዝኜ የማስቀድመው ሂል ክላይም ሬሲንግ የተባለውን ነው። በፊንላንድ በኦሉ ከተማ የሚገኘው ፊንገርሶፍት በ2012 ያወጣው ሲሆን፥ ኒውተን ቢል የሚባል ሰው በአሮጌ ጂፕ ኮረብታ ለኮረብታ ይነዳል። መሪ የለም፤ ያሉት ነዳጅ መስጫና ፍሬን ብቻ ናቸው። ሰውየው ስሙ ኒውተን የሆነው በከንቱ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ያበዛ ሰው ይገለበጣል፤ ዳገት ላይ ያሳነሰ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ነዳጁ ሲያልቅ ወይም የሰውየው ራስ መሬት ሲመታ ውድድሩ አበቃ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በርካሽ ስልክም ይሄዳል። በ2016 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ግን ሣጥኑንና የኢንተርኔት ፉክክሩን ስላመጣ፥ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ትራፊክ ራይደር ነው። ሠሪው የቱርኩ ተወላጅ ሶነር ካራ ነው። ተጫዋቹ ሞተር ብስክሌት ላይ ተቀምጦ መንገዱን በነጂው ዐይን እያየ በመኪኖች መካከል ያልፋል። ይህም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ውድድሮቹም አጫጭር ስለ ሆኑ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ ሌላው እስክንሄድ ባለው ጊዜ ያልቃሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን ላክል። በጨዋታው ከመኪና አጠገብ ታክኮ ማለፍ ነጥብ ያስገኛል፤ በቀለበት መንገድ ላይ የሚያስገኘው ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ግሪድ ኦቶስፖርት ነው። ይህ በ2014 ለኮምፒዩተርና ለቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያዎች ወጥቶ፥ በ2017 ለአይፎን፥ በ2019 ለአንድሮይድ ስልኮች ቀረበ። አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ ወዲያ ማስታወቂያም፥ ዕጣም፥ መጠበቅም የለበትም። ጉድለቱ ስልኩ ላይ ብዙ ቦታ መፈለጉና ጠንካራ ስልክ መጠየቁ ነው። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ያለው ተማሪ፥ ጫማ ከሚያስልክ ይልቅ አንድ ጊዜ ይህን ቢያስገዛ አይጸጸትም።

በ2018 የወጣውና በ2024 አስፋልት ሌጀንድስ ዩናይት ተብሎ የተሰየመውን አስፋልት 9ን በተመለከተ የግቢያችን ሐሳብ የተከፋፈለ ነው። ውበቱ አያከራክርም። ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት አይንቀሳቀስም፤ መኪናዎቹም በሙሉ ሳይሆን በቁርጥራጭ ንድፍ፥ ብዙ ጊዜም በዕድል የሚሰበሰቡ ናቸው። «ተችድራይቭ» በተባለው አነዳድ መኪናዋ ራሷ መንገዱን ትከተላለች፤ ተጫዋቹ አቅጣጫ መርጦ ጊዜውን ይጠብቃል እንጂ መሪ አይዝም። ዋይፋይ ያለውና «በቃኝ» ማለት የሚችል ሰው ይጫወተው። እኔ ግን ሁለተኛውን ስለማልችል ከስልኬ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ቀዩ መኪናም አብሮ ሄደ።

ከእሽቅድምድም ውጭ

ሁልጊዜ መኪና መንዳት የሰለቸው ሰው ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት የሠራውን «ኩኩሉ»ን ይሞክር፤ ሩጫው የመኪና ሳይሆን የዶሮ ነው። ቼዝ የሚወድ ደግሞ በ2010 የተጀመረውን ሊቼስን ያውርድ። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፤ በልግስና የሚኖር ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ከስልኩ ጋር መጫወት ይቻላል። ንጉሡ ማምለጫ ሲያጣ ጨዋታው አበቃ፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ፍጻሜ የለም።

ብዙዎቻችን የምንረሳው መዝናኛ ሬዲዮ ነው። በአያሌ ስልኮች ላይ የኤፍ ኤም መቀበያ አለ። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል ያለ ገመዱ አይሠራም፤ ኢንተርኔት ግን አንዲት ባይት አይፈልግም። የማለፊያ ትረካ ቅጂዎችም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራሉ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስክሪን አጥፍቶ፥ ዐይን ጨፍኖ ማዳመጥ ይቻላል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ «አጠናሁ» ብለን ልናስቆጥረው እንችላለን።

ጥቂት ሥርዓቶች

በመጨረሻ በልምድ ያገኘኋቸውን ሥርዓቶች ላስፍር።

1ኛ፥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጨዋታ ስንጫወት ዳታውን እናጥፋ፤ ማስታወቂያው ከመረብ የሚመጣ ስለ ሆነ አብዛኛው ይቀራል። ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ግን ስልኩን በሙሉ «በአውሮፕላን» ላይ አያድርገው፤ ጥሪውም አብሮ ይዘጋልና።

2ኛ፥ ፕሮግራሞች በዋይፋይ ብቻ እንዲታደሱ እናስተካክል። ቴሌግራምም ቪዲዮና ሥዕል በራሱ እንዳያወርድ እንከልክለው። ጥቅላችን ሌሊት እየተኛን የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

3ኛ፥ «ገንዘቡ የማያልቅ» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ የተነካካ ጨዋታ አንቀበል። ማን እንደ ነካካው አይታወቅም። የመኪና ጨዋታ አጭር መልእክቶቻችሁን ላንብብ ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ፥ የባንክ የምስጢር ቁጥር የሚመጣው በዚያው በኩል መሆኑን እናስታውስ።

4ኛ፥ የጨዋታውን ማስታወቂያ ደወል እናጥፋ። «መኪናህ ናፍቃሃለች» የሚል መልእክት የሚልክ መኪና አያስፈልገንም።

5ኛ፥ ባትሪው ከመቶ ሠላሳ ሲደርስ ይብቃን። የቀረው የእኛ አይደለም፤ ሊደውልልን የሚፈልግ ሰው ድርሻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ጽሑፍህ ጨዋታን ነቀፈ ወይስ አመሰገነ?» የሚለኝ ቢኖር፥ አመሰገነ እላለሁ። ቀኑን ሙሉ በትምህርት የደከመ አእምሮ ማረፊያ ይሻል። የምቃወመው ዕረፍት መስሎ ገብቶ ዕረፍታችንን የሚወስደውን ብቻ ነው።

አባቴ ለሁለተኛው ቀጠሯቸው በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ። አውቶቡሱ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ቀድሜ መናኸሪያው እገኛለሁ፤ ስልኬም ክፍት ይሆናል። እስኪመጡ ድረስ ከኒውተን ቢል ጋር አንድ ሁለት ኮረብታ እንወጣ ይሆናል። ማዳበሪያውን ግን እኔ ነኝ የምሸከመው፤ ስለዚያ ፈተናም እውነቱን እነግራቸዋለሁ።